ሳቁ በማን ላይ፣ ዓይኑስ በማን ላይ?

ስለ እስያ «ለአዋቂዎች ብቻ» የቧልት ፊልሞች የቀረበ ምልከታ

የሆንግ ኮንግ ሲኒማ ሲነሳ በአገራችን የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ወደ ቡጢና ወደ እርግጫ ነው። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ያደገው ትውልድ ብሩስ ሊንና ጃኪ ቻንን እንደ ሰፈሩ ልጆች ያውቃቸዋል። የህንድ ፊልም ሲባል ዘፈኑ፣ ዝናቡ፣ የእናት እንባና ተጠፋፍተው ኖረው በመጨረሻ የሚገናኙት ወንድማማቾች ትዝ ይሉናል። ቱርክም ብትሆን ከ2016 ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ እየመለሰ ባቀረባቸው ተከታታይ ድራማዎች አማካይነት ሳሎናችን ድረስ ገብታለች። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ ሦስቱም የሲኒማ አገሮች ግን ሌላ ጓዳ አላቸው። በበሩ ላይ «ለአዋቂዎች ብቻ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት፣ ወሲብንና ቧልትን አንድ ላይ ያጋባ የፊልም ዓይነት በየተራ አፍርተዋል። ሕዝቡም ወረፋ ይዞ አይቶታል።

«እንዲህ ያለውን ነገር በቤተሰብ መጽሔት ላይ ማንሳት ምን አመጣው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አንጠራጠርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ቀላል ነው። ጓዳው ዛሬ በር የለውም። ትናንት ይህን ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት መሄድ፣ ትኬት መቁረጥ፣ ከዘበኛው ዓይን ማምለጥ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ በልጆቻችን ኪስ ውስጥ ባለው ስልክ ይደርሳል። ወላጅ በድንገት ሲደርስባቸው ደግሞ የሚሰጡት መልስ አንድና አንድ ነው፤ «ቀልድ እኮ ነው!»

ይህችን ቃል ነው በዚህ ጽሑፍ ልንመረምራት የፈለግነው። እውን ቀልድ ነውን? ቀልድ ከሆነስ የሚቀለደው በማን ላይ ነው? ይህን ያህል ሰው የሚስበውስ ምን ቢኖረው ነው? «ሐራም ነው» ብሎ በሩን መዝጋት ለብዙዎቻችን ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ለምን እንደሚስብ ያላወቀ ሰው ልጁን ከዚያ ነገር ሊያስጥል አይችልም።

አጥሩ ማስታወቂያ ሲሆን

በሆንግ ኮንግ ወሲብን ከቧልት ጋር ማጋባት የአንድ ቀን ፈጠራ አልነበረም። የካራቴ ፊልሞችን በገፍ ያመርት የነበረው የሾው ወንድማማቾች ኩባንያ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሊ ሃን-ሺያንግ (1926–1996) በተባለው ስመ ጥር ዳይሬክተር አማካይነት በጥንታዊ የቻይና ታሪኮች ላይ የተመሠረቱ፣ በዝሙተኞችና በሞኞች የሚያሾፉ ፊልሞችን ያወጣ ነበር። ከእነዚህ አንዱ በሆነው፣ በ1974 በታየው «ዘ ጎልደን ሎተስ» ውስጥ ገና ስሙ ያልተሰማው ወጣቱ ጃኪ ቻን ሳይቀር በትንሽ ሚና ይታያል።

ነገሩ መልክ የያዘው ግን ከ1988 ወዲህ ነው። ያኔ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበረችው ሆንግ ኮንግ ለብዙ ዓመታት ስታካሂደው የኖረችው የፊልም ቁጥጥር በቂ የሕግ መሠረት እንዳልነበረው በ1987 ይፋ ሆነ። በማግሥቱ ዓመት አዲስ ሕግ ወጣና ፊልሞች በሦስት ደረጃ ተከፈሉ። ሦስተኛው ደረጃ ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ፈጽሞ እንዳይገባ የሚከለክል ነበር። ወሲብ ብቻ ሳይሆን ከባድ ጭካኔና አስፈሪ ነገር የበዛባቸው ፊልሞችም በዚሁ ደረጃ ይመደባሉ።

የሕጉ ዓላማ ሕፃናትን መጠበቅ ነበር። ገበያው ግን ሌላ ነገር አየ። «ሦስተኛ ደረጃ» የሚለው ምልክት ራሱ ዕቃ መሸጫ ሆነ። ምልክቱን ያየ ሰው ፊልሙ ምን እንደሚያሳየው ሳይነገረው ያውቃል፤ ፖስተር ላይ ከሚጻፍ ሌላ ማስታወቂያ ሁሉ ይህ ምልክት ይበልጥ ይጣራል። ለመከልከል የታጠረው አጥር የገበያ መጥሪያ ደወል ሆኖ አረፈው።

በ1991 በዳይሬክተር ማይክል ማክ የተሠራው «ሴክስ ኤንድ ዜን» የዚህ ዘመን ዋና ምሳሌ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2011፣ ያንኑ ታሪክ በሦስት ገጽታ ምስል አድሶ ያቀረበው ፊልም በመጀመሪያው ቀን ብቻ ከ2.7 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገባ። ይህም «አቫታር» በከተማዋ ይዞት የነበረውን የመክፈቻ ቀን ገቢ የበለጠ ነበር። ፊልሙ በዋናዪቱ ቻይና ሊታይ ስለማይችል ከዚያ በጉብኝት ስም ተሰብስበው ለማየት የመጡ ሰዎችም ነበሩ። እንግዲህ ክልከላ ብቻውን ሰውን ከፊልሙ አላራቀም፤ አውቶቡስ አሳፈረው እንጂ።

መነኩሴው የተናገረው፣ ካሜራው ያሳየው

«ሴክስ ኤንድ ዜን» ዝም ብሎ የተቀጣጠለ የገላ ትርኢት ቢሆን ኖሮ ብዙ መናገር ባላስፈለገ ነበር። ነገሩ ግን ከዚያ ይጠልቃል። መነሻው ሊ ዩ (1611–1680) እንደጻፈው የሚነገርለት «ሩ ፑ ቱዋን» የተባለ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ልብ ወለድ ነው። ታሪኩም እንዲህ ነው።

አንድ በትምህርቱ የተመካ ወጣት ወደ መነኩሴ ይመጣል። መነኩሴው «የሰው ሚስት የደፈረ፣ የራሱ ሚስት ስትደፈር ያያል» የሚል መንፈስ ያለው ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ወጣቱ ይስቅበታል። ጥብቅ የሆነ ሰው ያሳደጋትን ልጃገረድ ያገባል፤ ብዙም ሳይቆይ ጥሏት የሌሎችን ሚስቶች ፍለጋ ይወጣል። ተፈጥሮው አላረካው ብሎም ወደ አንድ ሐኪም ሄዶ የወንድነቱን ጉልበት በእንስሳ ጉልበት፣ በፊልሙ እንደሚታየው በፈረስ፣ ያስለውጣል። ሚስቱ የተወሰደችበት አንድ ምስኪን ባል ግን ቂም ይይዝና ወደ ወጣቱ ቤት ሄዶ ብቻዋን የቀረችውን ሚስት ያታልላል፤ ኋላም ለሴተኛ አዳሪዎች ቤት ይሸጣታል። በመጨረሻ ወጣቱ የዝነኛዪቱን ሴት ወሬ ሰምቶ ወደዚያ ቤት ሲሄድ የሚያገኛት የገዛ ሚስቱን ነው። እርሷ ራሷን ትሰቅላለች። እርሱ ወደ መነኩሴው ይመለሳል።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ታሪክ በቃል ብንሰማው ምን እንላለን? «ተግሣጽ ነው» እንላለን። በእርግጥም ነው። የፈረሱ ነገር እንኳ አስቂኝ የሆነው በከንቱ አይደለም። ሰው በምኞቱ ሲነዳ ወደ እንስሳነት እንደሚወርድ በአንድ ምሳሌ ያሳያል። ሳቁ ያረፈው በወንዱ ሞኝነት ላይ ነው።

አሁን ደግሞ ፊልሙን እንየው። ቃሉ ያው ነው። መነኩሴው አለ፣ ማስጠንቀቂያው አለ፣ ቅጣቱ አለ። ካሜራው ግን የቆመው ከመነኩሴው ጎን አይደለም፤ በወጣቱ ዓይን ውስጥ ነው። ወጣቱ በቀዳዳ ሲያይ ተመልካቹም በቀዳዳው ያያል። ወጣቱ ሲጎመጅ ካሜራው ከሴቲቱ ገላ ላይ አይነሳም። ፊልሙ ለረጅም ጊዜ የጎመጀበትን ነገር በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች «ኃጢአት ነበር» ይለናል። አባቶቻችን «ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ» የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው። የተወረወረው ተግሣጽ ወደ ወንዱ ሲሄድ ዓይኑ የቀረው በሴቲቱ ላይ ነው።

የእነዚህ ፊልሞች ዋናው ምስጢር፣ እንደኛ አስተያየት፣ ይኸው ነው። ተመልካቹ በባለጌው ሰው ይስቃል፤ ስለዚህ ራሱን ከባለጌው የተሻለ አድርጎ ይቆጥራል። በዚያው ቅጽበት ግን በባለጌው ዓይን ያያል። ሳቁ ንጹሕ ያደርገዋል፤ ዓይኑ ደግሞ የፈለገውን ያገኛል። ሁለቱንም በአንድ ትኬት ይገዛል። ጭልጥ ያለው የብልግና ፊልም ይህን ሊሰጠው አይችልም፤ ምክንያቱም እዚያ ውስጥ መደበቂያ የለም። «ቀልድ እኮ ነው» የምትለው ቃል የተፈለገችውም ለዚሁ ነው። መደበቂያ ናት።

ለምን ይስባል?

መደበቂያው አንደኛው መስህብ ነው። ሌሎችም አሉ፤ በሐቀኝነት ልንዘረዝራቸው ይገባል።

ሁለተኛው መስህብ ሳቅ ፍርሃትን ማቅለሉ ነው። ስለ ጾታ ግንኙነት ሰው ሁሉ ይፈራል፤ ወጣቱ አለማወቁን ይፈራል፣ ባለትዳሩ መሰልቸትን ይፈራል፣ ሽማግሌው መድከሙን ይፈራል። በጨለማ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎች ጋር ሲስቅ «እኔ ብቻዬን አይደለሁም» የሚል እፎይታ ይሰማዋል። የፈረሱ ቧልት ያሳቀው አብዛኛው ወንድ በልቡ የሚሰጋበትን ነገር ስለነካ ነው። ሆድ ያባውን ሳቅ አወጣው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሦስተኛው መስህብ ትልቁን ሰው ትንሽ ማድረጉ ነው። ዳኛው፣ ሀብታሙ፣ ምሁሩ፣ በሰው ፊት የሚንቀባረረው ሁሉ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ሱሪው ወልቆ ይሮጣል። ድሃው ተመልካች በዚህ መደሰቱ የሚያስገርም አይደለም።

አራተኛው ደግሞ የቤት ዝምታ ነው። በብዙ የእስያ ቤተሰብ፣ በእኛም ዘንድ፣ ወላጅ ከልጁ ጋር ስለዚህ ጉዳይ አይነጋገርም። ዝም በተባለበት ቦታ ሌላ ተናጋሪ ይገባል። ፊልሙ መጥፎ አስተማሪ ቢሆንም ብቸኛው አስተማሪ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ቃልና ገላ

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። እስልምና ስለ ጾታ ጉዳይ መናገርን እንደ ነውር የሚቆጥር ሃይማኖት አይደለም። ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ሴት ልጅ በእንቅልፏ ስለምታየው ነገር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በግልጽ ጠይቀዋቸዋል፤ እርሳቸውም አልተቆጡም፣ መለሱላቸው። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያሞገሱት ሐፍረት ዲናቸውን ከመማር አላገዳቸውም በማለት ነው። ቀልድም ቢሆን የተወገዘ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይቀልዱ ነበር፤ በቀልዳቸው ግን ከእውነት በቀር አይናገሩም ነበር።

በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታላቁ የሥነ ጽሑፍ ሰው ኢብን ቁተይባ በአንድ የጥበብ ስብስቡ መግቢያ ላይ ስለዚህ ጉዳይ አስደናቂ ነጥብ አንስቷል። የሰውነት ክፍል በስሙ ሲጠራ ፊታቸውን የሚያዞሩ አንባቢያንን ይመክራል። ኃጢአቱ ያለው የብልትን ስም በመጥራት ላይ ሳይሆን የሰውን ክብር በማጉደፍ፣ በመዋሸትና ሰውን በሌለበት በማማት ላይ እንደሆነ ያስረዳል። ይህ መለኪያ ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ ለዛሬው ፊልም ያገለግላል። ጥያቄው «ስለ ወሲብ ተነገረ ወይ?» አይደለም፤ «የማን ክብር ጎደፈ?» ነው።

የኦቶማን ቱርኮች የካራጎዝ የጥላ ጨዋታ ነበራቸው። ከቆዳ የተቆረጡ ምስሎች በመጋረጃ ጀርባ በፋኖስ ብርሃን እየተንቀሳቀሱ ሕዝቡን ያስቁ ነበር፤ የረመዳን ሌሊቶችም የጨዋታው ዋና ወቅት ነበሩ። በጥንቱ ዘመን የጨዋታው ቃልና ምስል እጅግ ልቅ ስለነበር የአውሮፓ መንገደኞች ሳይቀሩ ይደነግጡ ነበር። ያን ሁሉ ልክ ነበር ለማለት አይደለም፤ በረመዳን ሌሊት እንዲህ ያለው ጨዋታ ምን ይሠራል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት እናስተውል። ካራጎዝ ቆዳ ነው። በእርሱ ሲሳቅበት የሚሸማቀቅ ሰው የለም፤ ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ በመንገድ የምትሰደብ ሴት የለችም።

ፊልም ሲመጣ ይህ ተለወጠ። የልብ ወለዱ ሴት ቀለም ናት፣ የካራጎዝ ሴት ቆዳ ናት፣ የፊልሙ ሴት ግን ሰው ናት። ካሜራ ቀልድን ያለ ሰው ገላ ማሳየት አይችልም ማለት አይደለም። ለዚህ ማስረጃው ከዚያው ከሆንግ ኮንግ ይገኛል። በ2012 ዳይሬክተር ፓንግ ሆ-ቾንግ የሠራው «ቫልጋሪያ» የተባለው ፊልም በሦስተኛ ደረጃ የተመደበው በንግግሩ ልቅነት ነው፤ በምስል የሚያሳየው እርቃን ከሞላ ጎደል የለም። አንድ የፊልም አዘጋጅ በተማሪዎች ፊት ቀርቦ ሥራው ስላዋረደው ውርደት ሲናገር ሕዝቡ ሳቀ፤ ፊልሙም ተወደደ። አንደበቱ ለቤተሰብ የሚሆን አይደለም። ቢሆንም ሕዝቡ የወደደው ሳቁን ከነበረ፣ ሳቁ ያለ ሴት ገላ ሊገኝ እንደሚችል አሳይቷል። እንግዲህ ገላው የሚቀርበው ለሳቁ አስፈላጊ ስለሆነ አይደለም፤ ለሽያጩ ነው።

የሱረቱ ኑር 30ኛ አንቀጽ ዓይንን ስለ መስበር ሲያዝ በወንዶች መጀመሩ እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። ሴቶች የሚታዘዙት በሚቀጥለው አንቀጽ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ፊልም ስንነቅፍ ጣታችንን መጀመሪያ የምንቀስረው በተዋናይቷ ላይ ነው። ቁርኣኑ ግን መጀመሪያ የጠየቀው የተመልካቹን ዓይን ነው።

ቤተሰብ ከአዳራሹ ሲወጣ

ቱርክ ለእኛ የተለየ ትምህርት አላት፤ ተመልካቹ ሙስሊም ቤተሰብ ነበርና። በ1960ዎቹ የቱርክ ሲኒማ የቤተሰብ መዝናኛ ነበር። እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚገቡባቸው፣ ለሴቶች ብቻ የተመደቡ የቀን ትርኢቶች ሳይቀሩ ነበሩ። በ1968 የተጀመረው ቴሌቪዥን በ1970ዎቹ ወደየቤቱ ሲገባ ግን ቤተሰቡ እቤቱ ቀረ። በዚህ ላይ የግራና የቀኝ ፖለቲከኞች ግጭት መንገዱን አስፈሪ አደረገው። አዳራሹ ባዶ ሆነ።

ባለ አዳራሹና ባለ ፊልሙ ምን ያድርጉ? ከቤት ሊወጣ የሚችለው ብቻውን የሆነ ወንድ ነበር። ስለዚህ ለእርሱ የሚሆን ዕቃ አመጡ። የኢጣሊያንን የወሲብ ቧልት እየተከተሉ፣ ብዙዎች መነሻ የሚያደርጉት «አምስት ዶሮ፣ አንድ አውራ ዶሮ» የተባለው ፊልም በ1974 ወጣ። ከዚያ ጎርፍ ሆነ። በ1979 በአገሪቱ ከተሠሩት 195 ፊልሞች 131 ያህሉ የዚህ ዓይነት እንደነበሩ የሲኒማው ታሪክ ጸሐፊዎች ያስታውሳሉ። በመስከረም 1980 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ማዕበሉ በአንዴ ተቋረጠ።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው «ፊልሙ ቤተሰቡን ከሲኒማ አባረረ» ይል ይሆናል። ከፊሉ እውነት ነው። ግን ቅደም ተከተሉን እንመልከት። መጀመሪያ የወጣው ቤተሰቡ ነው፤ ልቅነቱ የገባው ባዶ በቀረው ወንበር ላይ ነው። ቧልቱ የመጣው ጥሩ ፊልም የሚያይ፣ የሚከፍል፣ የሚወቅስና የሚያወድስ ቤተሰብ ከአዳራሹ ከጠፋ በኋላ ነው። ዛሬ በየክፍሉ፣ በየአልጋው፣ ሰው ሁሉ ለብቻው ስልኩን ይዞ የሚያይ ከሆነ የቱርክ አዳራሽ ባዶ ወንበር በየቤታችን ገብቷል ማለት ነው።

የህንድም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2004 የወጣው «ማስቲ» ሦስት በትዳራቸው የሰለቹ ባሎች ሌላ ሴት ፍለጋ ወጥተው ራሳቸው ያጠመዱት ወጥመድ ውስጥ የሚወድቁበት ታሪክ ነው። በመጨረሻ ወደ ሚስቶቻቸው ይመለሳሉ። በ2013 ተከታዩ «ግራንድ ማስቲ» ለአዋቂዎች ብቻ የሚል የምስክር ወረቀት ይዞ ወጣና በአገሩ ገበያ ከ100 ክሮር፣ ማለትም ከ1 ቢሊዮን ሩፒ በላይ አስገባ። የፊልሙ አጥንት ከሆንግ ኮንጉ ጋር አንድ ነው። ባሎቹ ይቀበጣሉ፣ ይዋረዳሉ፣ ይጸጸታሉ፤ በመካከል ግን ተመልካቹ ለማየት የመጣውን ያያል። ሚስቶቹ በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ምንድን ናቸው? ወይ ጨቅጫቂ፣ ወይ ደብዛዛ፣ ወይ ሁልጊዜ በሥራ የተጠመዱ። ባልየው እንዲሳሳት ምክንያት ይሆኑ ዘንድ የተፈጠሩ ናቸው። ለአንድ ወጣት ከእርቃኑ ምስል ይልቅ የሚጎዳው ይህ ይመስለናል፤ ትዳር ማለት ደስታ የሚያልቅበት ቦታ ነው የሚል ትምህርት በሳቅ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል።

በ2016 ሦስተኛው ክፍል ከመታየቱ ቀናት አስቀድሞ በኢንተርኔት ሾልኮ ወጣ፤ በሲኒማ ቤትም ገበያው ወደቀ። ለፊልም ሠሪዎቹ ኪሳራ ነው። ለእኛ ግን ሌላ መልእክት አለው። የምስክር ወረቀቱን የሚያየው በረኛ ከሥራ ወጥቷል።

ሴቶቹስ?

በ1996 ሆንግ ኮንግ ራሷን የታዘበችበት አንድ ፊልም ወጣ፤ «ቪቫ ኤሮቲካ» ይባላል። ሥራ ያጣ ዳይሬክተር ገንዘብ የሚሰጠው ሰው ስላስገደደው የሦስተኛ ደረጃ ፊልም ለመሥራት ይገደዳል። ገንዘብ ሰጪው የራሱን ወዳጅ ተዋናይ እንድትሆን ያመጣታል። የእርሷን ሚና የተጫወተችው ከታይዋን የመጣች የ20 ዓመት ልጅ፣ ሹ ቺ ናት፤ እርሷ ራሷ ሥራዋን የጀመረችው በዚህ ዓይነት ፊልሞች ነበር። ፊልሙ መጀመሪያ ላይ በዚህች ሴት ያስቀናል፤ መሳደቧን፣ መቅበጧን፣ አለማወቋን ያሳያል። እየቆየ ግን ፊቷን ያቀርብልናል። ከገላዋ ጀርባ የደከመች፣ መከበርን የምትፈልግ ሰው እንዳለች ያኔ እናያለን።

ሹ ቺ በዚህ ሚና የሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት አገኘች። በ2005 በታይዋኑ የወርቅ ፈረስ ሽልማት ምርጥ ተዋናይት ተባለች፤ በ2009 በካን ፌስቲቫል ዳኛ ሆና ተቀመጠች። ይህ የሚያስደስት ታሪክ ነው። ነገር ግን አንዲት የወጣችበትን መንገድ ስናደንቅ በዚያው መንገድ ገብተው ስማቸው ጠፍቶ የቀሩትን መርሳት የለብንም። ወንዶቹ ኮሜዲያን ከእንዲህ ያለ ፊልም ወደ ሌላ ፊልም እንደ ልባቸው ሲሻገሩ፣ የሴቷ ምስል ግን በሄደችበት ይከተላታል። በዚያው ቀልድ ሁለቱም ተሳትፈው ዕዳውን የምትከፍለው አንዷ ከሆነች፣ ቀልዱ በማን ላይ እንደነበር መልሱ ተገኘ ማለት ነው። የኢብን ቁተይባ መለኪያም የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው።

ከቤታችን የሚጠበቀው

እንግዲህ ምን ይሻላል? ሦስት ነገሮችን እንላለን።

አንደኛ፣ ከልጆቻችን ጋር እንነጋገር። በተለይ አባቶች ከወንዶች ልጆቻቸው ጋር። ኒካህ ምን እንደሆነ፣ ዓይን ምን እንደሚሸከም፣ የሴት ክብር ምን እንደሆነ ከአባቱ የሰማ ልጅ በፊልሙ ውስጥ የጎደለውን ነገር ራሱ ያየዋል። ከማንም ያልሰማ ልጅ ግን ፊልሙን እንደ መጽሐፍ ያነበዋል።

ሁለተኛ፣ አብረን እንይ። ጥሩ ፊልም ከእስያ ሞልቷል። ቤተሰቡ በአንድ ሳሎን ተቀምጦ የሚያየው፣ የሚስቅበት፣ ሲያልቅ የሚከራከርበት ፊልም ይኑር። ሳቅን የነፈግነው ቤት ሳቁን ሌላ ቦታ ይፈልገዋል።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችን አንድ ጥያቄ ይዘው እንዲያድጉ እናድርግ። አንድ ቀልድ ሲያስቃቸው «የምስቀው በማን ላይ ነው? የማየውስ በማን ዓይን ነው?» ብለው ይጠይቁ። የምንስቅበት ሰውና የምናይበት ዓይን የአንድ ሰው ከሆኑ፣ በባለጌው እየሳቅን ባለጌውን ተከራይተነዋል ማለት ነው። ይህን ጥያቄ የለመደ ልጅ በየበሩ ዘበኛ አያስፈልገውም፤ ዘበኛው በውስጡ ነው። ሐያእ የኢማን ቅርንጫፍ ናት የሚለው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትምህርትም ይህንኑ ያስታውሰናል፤ ቅርንጫፍ የሚያድገው ከሥሩ ነውና ከውጭ በሚታጠር አጥር ብቻ አይለመልምም።

«ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል» ይሉ ነበር አባቶቻችን። በቀልድ ሁሉ ላይ የተፈረደ ፍርድ አድርገን አንወስደውም። ቤት የሚያጠፋው ቀልድ አንዱ ስቆ የሚሄድበት፣ ሌላው አልቅሶ የሚቀርበት ቀልድ ነው። ቤት የሚሠራው ደግሞ እናትም፣ አባትም፣ ሴት ልጅም፣ ወንድ ልጅም በአንድ ላይ ሊስቁበት የሚችሉት ነው። አላህ ዓይናችንንም ሳቃችንንም ያሳምርልን።

ወላሁ አዕለም።